የሲሊንደሬ ቀዳዳ ሾጠጠ፤ ፒስተኑ መሃል መንገድ ላይ ይያዛል

ጠያቂ፦ አዲስ ፍቅፋቂ

ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ የጠረጴዛ ቶርኖ (የብረት መላጫ ማሽን) ካገኘሁ ስምንት ወሬ ነው። አሁን የመጀመሪያዋን የእንፋሎት ሞተሬን እየሠራሁ ነው። ለብቻው ቫልቭ የላትም። ሲሊንደሯ ራሱ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ እንፋሎቱን ያስገባል፣ ያስወጣል። ሲሊንደሩ ነሐስ ነው። ቀዳዳው 12 ሚሊ ስፋት፣ 30 ሚሊ ርዝመት አለው። ከዳር እስከ ዳር ክፍት ነው፤ ክዳኑ ኋላ ይገጠማል። ፒስተኑ ብረት ነው።

ችግሬ ይኸውላችሁ። ፒስተኑ ከአፉ ሲገባ ይንገዳገዳል። መሃል ሲደርስ ልክ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ቀጥ! በካሊፐር ስለካው አፉ 12.05፣ በቻኩ (ዕቃውን ይዞ በሚያሽከረክረው) በኩል የነበረው ጫፍ ደግሞ 12.00 አካባቢ ይላል። ሁለተኛ ሠራሁ፣ ያው። ሦስተኛም ያው። ሁሌም የሚሰፋው አፉ ነው።

ቱሉን (መቁረጫውን) ደጋግሜ ስያለሁ። የመጨረሻዎቹን ቁርጦች 0.1 ሚሊ ብቻ ነው የወሰድኩት። ማሽኑ ጠማማ ይሆን? ወይስ ቫልቭ የሚፈጭበትን ፓስታ (ደቃቅ ድንጋይ ያለበትን ቅባት) ቀብቼ ፒስተኑን እዚያው እያሸሁ ላስገባው? የነሐስ ዘንጌ እያለቀ ስለሆነ አራተኛውን ሳልጀምር ልጠይቅ ብዬ ነው።


መልስ፦ ቢዬላ

ወንድሜ፣ እኔ የምጠረጥረው ቦሪንግ ባርህን፣ ቱሉን ይዞ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባውን ዘንግ ነው። ቀጭን ባር ይታጠፋል። ከመያዣው የወጣበትን ርዝመት እጥፍ ብታደርገው መታጠፉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ውፍረቱን እጥፍ ብታደርገው ግን መታጠፉ ወደ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ቀዳዳው የሚችለውን ያህል ወፍራም ባር አስገባ። ለ30 ሚሊ ቀዳዳ 35 ሚሊ ቢወጣ ይበቃል። በፓስታ መፍጨቱንም ሞክረው፣ ምን ችግር አለው? ትንሽ ብቻ ነው የቀረህ።


መልስ፦ ቮላኖ

ቢዬላ ስለ ባሩ ጥንካሬ ያለው በሙሉ ልክ ነው። አጭርና ወፍራም ባር ሁሌም ይሻላል። ግን የዚህ ልጅ ችግር እሱ አይመስለኝም። ምክንያቱን ልንገርህ።

ባሩ መያዣው ላይ ታስሮ ከመያዣው ጋር አብሮ ነው የሚሄደው። አፉ ላይ ሲቆርጥም መጨረሻው ላይ ሲቆርጥም የወጣው ርዝመት ያው ነው። ስለዚህ የሚታጠፈውም እኩል ነው። የሚታጠፍ ባር ቀዳዳውን ካሰብከው ያጠብብሃል፣ ያንቀጠቅጥብሃል። ከዳር እስከ ዳር በእኩል ስለሚያጠብ ግን ሾጣጣ አያደርገውም። ሦስት ጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ፣ በአንድ በኩል የሚሾጥጥ ከሆነ ቱሉ ራሱ በጠማማ መንገድ እየሄደ ነው ማለት ነው።

አሁን ጥያቄዬን መልስልኝ፦ ቱሉን ወደ ውስጥ የነዳኸው በየትኛው እጀታ ነው? በካሬጁ፣ ቱሉን ተሸክሞ በቶርኖው ርዝመት በሚሄደው ትልቁ ክፍል ነው ወይስ በኮምፓውንዱ፣ ማለትም ከላይ ባለችው ትንሿ ስላይድ?

በትንሿ ስላይድ ከሆነ ነገሩ አለቀ። ከሥሯ በዲግሪ የተከፋፈለ ምልክት አለ፤ ዜሮ ላይ ስላስቀመጥካት ቀጥ ያለች ይመስልሃል። ሒሳቡን እንየው። በ30 ሚሊ ርዝመት 0.05 ሾጥጦብሃል። ይህ የስፋቱ ልዩነት ስለሆነ ቱሉ የተዛነፈው በግማሹ፣ በ0.025 ሚሊ ነው። በማዕዘን ሲሰላ የአንድ ዲግሪ ሃያኛ ገደማ ይሆናል። በሁለት የዲግሪ ምልክቶች መካከል ያለችውን ክፍተት ሃያ ቦታ ክፈላትና አንዷን ብቻ አስብ። እሷን በዓይኑ የሚያይ ሰው የለም።

እኔ በዚሁ ጉዳይ ሁለት ወር ሙሉ ጠረጴዛዬን ስወቅስ ነበር። እግሩን ከፍ ዝቅ ሳደርግ፣ ብሎኖቹን ሳላላ፣ ሳጠብቅ። ጥፋቱ ግን ያቺ ትንሽ ስላይድ ነበረች። ስለዚህ ሳትለካ ማሽኑን እንዳትነካ።

ፈተናው ይሄ ነው። 25 ሚሊ ውፍረት ያለው የብረት ዘንግ ቻኩ ላይ እሰር፤ 100 ሚሊ ያህል ይውጣ። በቴይልስቶክ (ከቻኩ ትይዩ ባለው መደገፊያ) አትደግፈው። መሃሉን ዝቅ አድርገህ ቁረጥና ሁለት ቀለበት አስቀር፣ አንዱ ቻኩ አጠገብ፣ አንዱ ጫፉ ላይ። ከዚያ በደንብ በተሳለ ቱል፣ የክሮስ ስላይዱን (ቱሉን ወደ ዘንጉ የሚያስጠጋውን) እጀታ ሳትነካ፣ ሁለቱንም በካሬጁ በአንድ ጉዞ ላጣቸው። ቁርጡ 0.05 ብቻ ይሁን። በዚያው ልክ ሌላ አንድ ሁለት ጊዜ ደግመህ ሂድበት፤ ዘንጉ ሸሽቶ ያስቀረው ካለ ያነሳዋል። አሁን ሁለቱን ቀለበቶች በማይክሮሜትር ለካ። እኩል ከሆኑ ማሽንህ ጤነኛ ነው። ልዩነቱ ጉልህ ከሆነ ብቻ የቶርኖው አልጋ ጠረጴዛው ላይ ሲታሰር ተጠምዝዞ እንደሆነ እናያለን። በሌላ ዘንግ ላይ ደግሞ 45 ሚሊ ያህል በትንሿ ስላይድ ብቻ ላጥና ለካ።

ፓስታውን ግን እባክህ ተወው። የሚፈጨው ደቃቅ ድንጋይ ሁልጊዜ ለስላሳው ብረት ውስጥ ነው የሚሰካው። ካንተ ሁለት ዕቃ ለስላሳው ነሐሱ ነው። ታጥቦ የሚወጣ ይመስልሃል፤ አይወጣም። ሞተርህ በዞረች ቁጥር ሲሊንደሩ ፒስተኑን እየሞረደው ይኖራል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ይህ የአንተ ብቻ ችግር አይደለም። ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሩን የባለቤትነት መብት በ1769 እ.ኤ.አ. ቢያገኝም ክብና ትይዩ የሆነ ትልቅ ሲሊንደር የሚያወጣለት ሰው አጥቶ ዓመታት ባክኗል። እንፋሎቱ በፒስተኑ ዙሪያ ያመልጥበት ነበር። መፍትሔው ከጆን ዊልኪንሰን መጣ። ዊልኪንሰን ባሩን በሲሊንደሩ ውስጥ አሳልፎ ሁለቱንም ጫፎቹን ደግፎ ቦረቦረው። ያኔም ጥያቄው ቱሉ በምን ላይ ተደግፎ፣ በየት በኩል ይሄዳል የሚል ነበር።


ጠያቂ፦ አዲስ ፍቅፋቂ

ጋሼ ቮላኖ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ሲያነቡኝ ያዩኝ ይመስላል። አዎ፣ የነዳሁት በትንሿ ስላይድ ነው። የካሬጁ ትልቅ እጀታ ትንሽ ሲነካ ብዙ ስለሚሄድብኝ ትንሿ ትለሰልሳለች ብዬ ነበር።

ያሉኝን ፈተና ዛሬ ሠራሁ። በካሬጁ፦ ቻኩ አጠገብ 24.31፣ ጫፉ ላይ 24.32። ሁለት ጊዜ ደገምኩት፣ ለውጥ የለውም። በትንሿ ስላይድ በ45 ሚሊ ርዝመት፦ ልዩነቱ 0.07፤ ጫፉ ነው የወፈረው።

አሁን ምን ላድርግ? ሦስቱን ሲሊንደሮችስ ልጣላቸው?


መልስ፦ ቮላኖ

በርታ፣ ጥሩ ለክተሃል! በ30 ሚሊ 0.05 ከሾጠጠ በ45 ሚሊ 0.075 ነው የሚጠበቀው። አንተ 0.07 አገኘህ። ሌባው ተያዘ። ካሬጁ ያሳየህን 0.01 ለዚህ ሥራ አትቁጠራት። በ30 ሚሊ ላይ ከ0.004 አትበልጥም።

ሲሊንደሮቹን እንዳትጥል። 12 ሚሊ መሆኑ ምንም ቅዱስ ነገር የለውም። ቀዳዳው ትይዩ ይሁን እንጂ 12.3 ቢሆን ሞተሯ አታውቀውም። ቀዳዳ ነው የሚቀድመው፣ ፒስተን ኋላ በቀዳዳው ልክ ይቆረጣል። ውጩን መለካትም ማስተካከልም ከውስጡ ይቀላልና። ስለዚህ አንዱን ሲሊንደር መልሰህ እሰርና እስኪጸዳ፣ ሾጣጣው እስኪጠፋ አስፋው።

በዚህኛው ትንሿን ስላይድ ጠበቅ አድርገህ ቆልፋት። ጉዞውን በአውቶማቲክ አድርገው፤ በአንድ ዙር 0.1 ሚሊ የሚሄድበት ይበቃሃል። ከመጀመርህ በፊት ባሩ ላይ ጥልቀቱን በቀለም ምልክት አድርግ፣ ቻኩን እንዳይመታ። ሊያልቅ ሲል ልክ ሳትጨምር ሁለት ጊዜ ደጋግመህ ሂድበት። ሁለተኛው ጉዞ ላይ ቱሉ ምንም የማይነካ ያህል ደቃቅ ዱቄት ብቻ ሲያወጣ ታየዋለህ። ያኔ ደርሰሃል።

መለካቱ ላይ ጠንቀቅ በል። የካሊፐር የውስጥ ምላሶች ጫፋቸው ጠፍጣፋ ስለሆነ በትንሽ ክብ ውስጥ አሳንሰው ነው የሚያነቡት። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ከብረት አንዲት ደረጃ ደረጃ ያላት መለኪያ እቆርጣለሁ፤ እያንዳንዷ ደረጃ ከቀጣይዋ በ0.02 ትወፍራለች። ከሁለቱም አፍ አስገባት። በሁለቱም በኩል የምትቆመው አንድ ደረጃ ላይ ከሆነ ትይዩ ነው።

ደግሞ ነሐሱ ሲሞቅ አትለካ። 12 ሚሊ የሆነ ነሐስ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ወደ 0.01 ሚሊ ይሰፋል። ለፒስተኑ የምንተወው ክፍተት ራሱ ከ0.01 እስከ 0.02 ነው። በእጅህ ይዘኸው ሙቀት ከተሰማህ አስቀምጠውና ሌላ ነገር ሥራ።

ትንሿን ስላይድ ለማስተካከል ያችኑ በካሬጁ የላጥካትን ዘንግ ከቻኩ ሳታወጣ ተጠቀምባት። ዳያል ጌጁን (ጥቃቅን ልዩነት በመርፌ የሚያሳየውን መለኪያ) ቱሉ መያዣ ላይ እሰርና ጫፉን ዘንጉ ጎን ላይ፣ በመሃሉ ከፍታ አስነካው። ስላይዷን ወደፊት ወደኋላ ንዳት። መርፌው እስኪቆም ድረስ በላስቲክ መዶሻ ቸብ ቸብ እያደረግክ አዙራት፣ ከዚያ ብሎኖቿን ተራ በተራ አጥብቅ። ካጠበቅህ በኋላ እንደገና ለካ። ስትጠብቅ ትሸሻለች።


መልስ፦ ሞረድ

ስለ ልኩ ጋሼ ጨርሰውታል። እኔ ስለ እጅህ ልጨምር። ቀዳዳ ሲቀርብ ሰው ሸርተት የሚልባት ነገር አለች፦ የብርጭቆ ወረቀት ጣት ላይ ጠቅልሎ በሚሽከረከር ቀዳዳ ውስጥ ማስገባት። በፍጹም አታድርገው። ወረቀቱ ከያዘ ጣትን ጠምዝዞ ነው የሚሄደው። ማለስለስ ካስፈለገህ እንጨት ላይ ለጥፈው። እጅጌህን ከክርንህ በላይ ሰብስብ፣ ቀለበትህን አውልቅ። የቻኩን ቁልፍ ደግሞ እጅህ ሳይለቀው ከቻኩ አውጣው። ያለ መነጽርም አትቁረጥ፤ የነሐስ ፍቅፋቂ እንደ መርፌ ነው የሚረጨው።


ጠያቂ፦ አዲስ ፍቅፋቂ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለተኛውን ሲሊንደር መልሼ አሠርኩት። በካሬጁ እስኪጸዳ 12.28 ደረሰ። ደረጃ ያላትን መለኪያ ከሁለቱም አፍ አስገባኋት፤ የቆመችው አንድ ቦታ ላይ ነው። ፒስተኑን ወደ ልኩ ስቀርብ በየቁርጡ እያቆምኩ፣ እያቀዘቀዝኩ ለካሁ። መጨረሻ ላይ 12.265 ሆነ።

ሁለቱንም በጋዝ አጠብኳቸው፣ ቀጭን ዘይት ቀባኋቸው። ፒስተኑ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ እስከ ታች ወረደ፣ አንድም ቦታ ሳይዝ። ከዚያ አንደኛውን አፍ በአውራ ጣቴ ደፍኜ ፒስተኑን ሳብ አድርጌ ለቀቅኩት። ጧ ብሎ ተመለሰ! ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ነገ የእንፋሎቱን ቀዳዳ እበሳለሁ።


መልስ፦ ቮላኖ

ጎሽ! ከመብሳትህ በፊት የፑንታውን (የመብሻውን) የመቁረጫ ከንፈር በድንጋይ ትንሽ ጠፍጠፍ አድርገው። ሹል ከሆነ ነሐስን ጎትቶ ይገባበታል፤ ከውስጥ በኩል ብቅ ሲል ደግሞ የለፋህበትን ግድግዳ ይቧጥጣል። ቀዳዳው ውስጥ ልኩ የሆነ የእንጨት ዘንግ ሰክተህ ብሳው።