ስለታችሁ ሳይሰምር ሲዘገይ እንዴት ነው የምትጸልዩት?

የሳቢያኑ ልጅ፦
ሰላም የድሬ ልጆች። አካውንቲንግ ተመርቄ 4 አመት ሆነኝ፣ የተቀጠርኩበት ድርጅት ሰው ሲቀንስ እኔም ወጣሁ ከዛ ወዲህ የሰው ባጃጅ ነው የምነዳው፣ ከከዚራ ሳቢያን ከሳቢያን ቀፊራ ስል ውዬ ማታ የባለቤቱን ገቢ ስሰጥ ለኔ የምትተርፈው የምሳ ናት። ታህሳስ ላይ ቁልቢ በእግሬ ሄጄ፣ የደንገጎን ዳገት ሌሊት እያለቀስኩ ወጥቼ፣ ስራ ካገኘሁ ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬ ተሳልኩ። ይኸው ሐምሌ 19 ደረሰ። ሁለት ቦታ ኢንተርቪው አልፌ "እንደውልልሃለን" እንዳሉኝ ቀሩ። እናቴ "ታገስ ልጄ እሱ ያውቃል" ስትለኝ አሁን አሁን ይከፋኛል፣ መከፋቴ ደግሞ ሀጢያት ይመስለኛል። ባዶ እጄን ገብርኤል ፊት ብቆም ምን እላለሁ?

የደቻቱ እናት፦
ልጄ፣ በ1998ቱ ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ሲመጣ ከ200 በላይ ሰው ነው ያለቀው፣ እኔ ልጆቼን ይዤ ተረፍኩ ቤቴ ግን አንድ ማንኪያ ሳይቀር ሄደ። ድንኳን ውስጥ ሆኜ ለምን እንዲህ አደረግከኝ እያልኩ ጮክ ብዬ ነው የጠየቅኩት፣ በኋላ አፍሬ ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው "ዳዊት እስከ መቼ ትረሳኛለህ ብሎ አልጸለየም እንዴ፣ በየቀኑ የምትደግሚው እኮ ነው" አሉኝ። እኔ ስንት አመት የጸለይኩት የዛሬን ብቻ አስችለኝ እያልኩ ነው፣ የነገውን አልችለውም ነበር። ባዶ እጅህን ሂድ። ስለት የሚገባው ሲሰምር ነው፣ እስከዛ ዕዳ የለብህም።

መጋላ፦
አቦ ወንድሜ እኔ ሙስሊም ነኝ ግን ይሄ የሁላችንም ነው። እኛ ጋር ሰብር፣ ትዕግስት ማለት ነው፣ አለማልቀስ አይደለም፣ ነቢዩ ያዕቆብ ዩሱፍን አጥተው አይናቸው እስኪጠፋ አልቅሰዋል፣ ግን ሐዘኔን የማሰማው ለአላህ ነው ነው ያሉት። ለሱ ማልቀስህ እንደምታምነው ነው የሚያሳየው ዋላሂ።

ባቡር ጣቢያ፦
በዛው በዮሴፍ ልቀጥል፣ የጠጅ አሳላፊዎቹ አለቃ ረስቶት ሁለት አመት እስር ቤት ቆየ አይደል፣ እዛው ሆኖ ግን እስረኞቹን ያስተዳድር ነበር እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ፒችትሪህን፣ የሂሳብ ሶፍትዌሩን፣ እንዳትረሳው። ሐምሌ ደግሞ የግብር ወር ነው፣ ቀፊራ ሂሳቡን የሚይዝለት ያጣ ስንት ነጋዴ አለ።

የሳቢያኑ ልጅ፦
እማማ "ዕዳ የለብህም" ያሉኝን ሳነብ እንባዬ መጣ፣ ያ ነበር ያስጨነቀኝ ለካ። ባቡር ጣቢያ፣ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ደንበኛ አለኝ ባጃጅ ውስጥ ሁሌ ስለ ግብር ሂሳቡ ነው የሚያማርረው፣ ነገ ጠዋት እጠይቀዋለሁ። 18 ማታ በእግሩ የሚወጣ ካለ ንገሩኝ፣ ደንገጎን ብቻዬን ባልወጣው ደስ ይለኛል።