ውጭ ሀገር ለስራ ልሄድ ነው፣ ከምን ልጀምር?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነርስ ነኝ፣ ውጭ ሀገር ስራ አግኝቼ ኮንትራቱን በኢሜል ልከውልኛል፣ ቪዛው ካለቀልኝ ከሁለት ወር በኋላ እሄዳለሁ። ከሀገር ወጥቼ አላውቅም። ሰው ሁሉ የሚያወራኝ ስለ ሻንጣ ነው፣ ይሄን ግዢ ያንን ያዢ፣ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን አንድ የረሳሁት ነገር ይኖራል የሚለው ነው። ባለቤቴና የ4 ዓመት ልጄ ለጊዜው እዚሁ ይቀራሉ። የሄዳችሁ ሰዎች እስኪ በናታችሁ ንገሩኝ።

መልስ 1፦
እህቴ እንኳን ደስ አለሽ። ሻንጣውን ተይውና ወረቀቶችሽን አልጋ ላይ ዘርግተሽ ስምሽን ፊደል በፊደል አስተያዪ። የኔ ፓስፖርት ላይ የአባቴ ስም በሁለት ኤስ ነው የተጻፈው፣ ዲግሪዬ ላይ በአንድ፣ እኔ ልብም አላልኩትም የሙያ ፈቃድ የሚሰጡት ሰዎች ግን ሁለቱ ስም የአንድ ሰው ለመሆኑ ማስረጃ አምጣ ብለው ፋይሌን መለሱት፣ ስራ የምጀምርበት ቀን በ6 ሳምንት ተገፋ። ፓስፖርትሽንም እይው፣ ብዙ ሀገሮች ቢያንስ 6 ወር የሚቀረው እንዲሆን ይፈልጋሉ። ሌላው ሰነድ ማረጋገጥ ነው፣ ሁለቱም ሀገሮች በ1961 እ.ኤ.አ. የሄግ ስምምነት ውስጥ ካሉና ስምምነቱ በመሀላቸው የሚሰራ ከሆነ አፖስቲል የሚባለው አንድ ማረጋገጫ ይበቃሻል፣ ካልሆነ ግን ውጭ ጉዳይ ከዛ ኤምባሲ እያልሽ ትመላለሻለሽ፣ ጊዜ የሚበላው እሱ ነው ዛሬ ጀምሪው።

መልስ 2፦
እኔ የምለው ኮንትራቱን ነው። ደሞዙ ከታክስ በፊት ነው በኋላ? ቤት ከሰጡሽ ኪራዩ ከደሞዝ ይቆረጣል? ሳይመችሽ ቀርቶ ቀድመሽ ብትለቂ የምትከፍይው ቅጣት አለ? እኔ ሶስተኛውን ሳልጠይቅ ፈርሜ ብዙ ተቸግሬበታለሁ። መልሱን በስልክ ሳይሆን በጽሁፍ ተቀበዪ። ኤጀንሲ ካለበት ደግሞ የዓለም የሥራ ድርጅት 181ኛው ስምምነት በመርህ ደረጃ ኤጀንሲ ከሰራተኛ ክፍያ እንዳይቀበል ይላል፣ ስለዚህ ገንዘብ አምጪ ሲሉሽ ለምን ብለሽ ጠይቂ። ፓስፖርትሽን አሰሪው ልያዝልሽ ቢልሽ እንዳትሰጪ።

መልስ 3፦
ሁሉም ልክ ነው ግን ልጅሽን ማንም አላነሳም። እኔ ስሄድ ልጄ 5 ዓመቷ ነበር፣ እንዳታለቅስ ብለን ተኝታ እያለች ወጣሁ፣ እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው። ከዛ በቪድዮ ስደውል ካሜራውን በእጇ ትሸፍነው ነበር። ንገሪያት፣ አብራችሁ ሻንጣ አዘጋጁ፣ የምትደውይበትንም ሰዓት ከአሁኑ ወስኑ፣ የሌሊት ተረኛ ስትሆኚ እንኳን ያ ሰዓት አይነካ። ለባለቤትሽ ደግሞ ውክልና ሳትሰጪ እንዳትወጪ፣ ከሄድሽ በኋላ ለአንድ ፊርማ ኤምባሲ ድረስ ነው የምትጓዢው። መድሃኒት የምትወስጂ ከሆነም ከነማሸጊያውና ከነማዘዣው ያዢ፣ አንድ ሀገር የተፈቀደው ሌላው ጋ የተከለከለ ሊሆን ይችላል።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። የመጀመሪያውን መልስ እንዳነበብኩ ተነስቼ አየሁት፣ የጋብቻ ሰርተፊኬቴ ላይ የአያቴ ስም በአንድ ፊደል ይለያል። ነገ ጠዋት እሱን ላስተካክል እሄዳለሁ። ልጄ ወንድ ነው፣ ዛሬ ማታ ከአባቱ ጋር ሆነን እንነግረዋለን።