የልምምድ ክፍሉ ጊታር አምፕ፦ ቲዩቡ ይቆይ ወይስ ሞዴለር ይገዛ? (የዕቅድ ውይይት)

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እናርቅቅ። መነሻ ረቂቁ ይህ ነው፦ «የማኅበሩ ፌንደር ትዊን ሪቨርብ ተሽጦ ዲጂታል ሞዴለርና አንድ ፓወርድ ስፒከር ይገዛ።» ለአዲስ አባላት፦ ትዊኑ የጊታሩን ድምፅ በቲዩብ፣ ማለትም አምፖል በሚመስል የመስታወት ዕቃ፣ የሚያጎላ አምፕ (ማጉያ) ነው። ሞዴለር የብዙ አምፖችን ድምፅ በዲጂታል የሚያስመስል መሣሪያ ነው፤ ፓወርድ ስፒከር ደግሞ የራሱ ማጉያ ያለው ስፒከር ነው። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። ትዊኑ 29 ኪሎ ገደማ ነው። ለሥራ በወጣ ቁጥር ሁለት ሰው ይሸከመዋል። ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ ቮልቴጅ የሚቀንሰው ትራንስፎርመርም አብሮ ይጓዛል። የማትስማሙበትን በግልጽ ጻፉ።

ሊድ ጊታር፦ እኔ እደግፋለሁ። ሠርግ ላይ በአንድ ምሽት ስንት ዓይነት ድምፅ እንደምንጠየቅ አስቡት። ትዝታ ጥርት ያለና ትሬሞሎ (ከፍ ዝቅ እያለ የሚርገበገብ ድምፅ) የነካው ድምፅ ይፈልጋል። ቀጥሎ ሬጌ ይመጣል፣ ከዚያ ዋዋ የሚባለውን ፔዳል የሚፈልግ የድሮ ዘፈን፣ ከዚያ ደግሞ ዲስቶርሽን (በጣም የሻከረ ድምፅ)። በሞዴለር አንድ ፔዳል ረግጦ ማለፍ ነው። ማይክ መትከልም አያስፈልግም፣ በገመድ ቀጥታ ሚክሰር ውስጥ ይገባል። ትዊኑ ደግሞ 85 ዋት ነው። እስኪጣፍጥ ድረስ ከፍ ካደረግነው ዘፋኙ ራሱን አይሰማም።

አንጋፋው ጊታሪስት፦ ልጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። ሸክሙ ይገባኛል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የእኛ ሰው ጊታር ሲይዝ ብዙ ነገር ከክራር ወስዷል። ጣት ቀለል ሲል ጥርት ይላል፣ ጠበቅ ሲል ጫፉ ላይ ትንሽ ይሻክራል። ጥሩ ቲዩብ አምፕ ይህን ያለ ምንም ፔዳል ያወጣዋል። የጊታሩን ቮሊዩም ቀነስ ስታደርጉት ይጸዳል፣ ስትመልሱት ይነክሳል። ሁሉም ነገር እጅ ላይ ነው ያለው። ጀማሪው ይህን ሳይማር ፕሪሴት (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ድምፅ) መምረጥ ከለመደ እጁ መቼ ይሠለጥናል?

ሳውንድ ኢንጂነር፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት፤ ምክንያቱን ልጨምርበት። ቲዩብ አቅሙ ሲያልቅ ድምፁን በአንዴ አይቆርጠውም፣ ቀስ እያለ ነው የሚያጎብጠው። ግን ትዊን ለዚህ የሚመረጥ አምፕ አይደለም። 6ኤል6 የሚባሉ አራት የኃይል ቲዩቦች አሉት፣ ጉልበቱ ብዙ ነው፤ በእኛ ክፍል መጠን መቼም ወደዚያ ጫፍ አይደርስም። እርስዎ የሚሉት መንከስ ቶሎ የሚሞላ ትንሽ አምፕ ይፈልጋል። ለምሳሌ ዴሉክስ ሪቨርብ 22 ዋት ነው፣ ሬክቲፋየሩም (የመስመሩን ኤሌክትሪክ ለአምፑ ወደ ቀጥተኛ የሚለውጠው ክፍል) ቲዩብ ነው። ክሩ ጠንከር ብሎ ሲመታ ውስጥ ያለው ቮልቴጅ ለአፍታ ወረድ ይላል። ኖታው ተጨቆን ይልና መልሶ ይፈካል። ጣት የሚሰማው ይህን ነው።

ስለ ሞዴለሮቹ፦ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ላይን 6 ፖድ ለቀረጻ ብዙ ሰው ጠቅሟል፤ ይህን የጫፍ ላይ ነገር ግን በደንብ ያዘው አልልም። በ2011 የመጣው ኬምፐር አካሄዱን ለወጠ። እውነተኛ አምፕ ውስጥ የሙከራ ድምፅ ይልክና ከሚመለሰው ተነሥቶ ቅጂውን ይሠራል። አሁን ደግሞ ኒውራል አምፕ ሞዴለር የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ የአምፑን ባህሪ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ይማራል። ቀረጻ ላይ ጥሩ ቅጂን ከዋናው መለየት በጣም ይከብዳል። ችግሩ፣ ቅጂው የሚይዘው አምፑ በዚያች ሰዓት የተስተካከለበትን ድምፅ ነው። ቁልፍ ስታዞሩ ዋናው አምፕ እንደሚለወጠው አይለወጥም።

ሌላው፣ ሞዴለርን የሚያስጠላው ብዙ ጊዜ ስፒከሩ ላይ የሚሠራ ስሕተት ነው። የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ብዙም አያወጣም። ሞዴለሩ ይህን በካቢኔት ሲሙሌሽን (የጊታር ስፒከርና ሣጥኑን ድምፅ በሚያስመስል ክፍል) ይተካዋል። ወደ ሚክሰር ወይም ፓወርድ ስፒከር ከገባ ሲሙሌሽኑ ይብራ። ወደ ጊታር ካቢኔት ከገባ ይጥፋ። ሚክሰር ላይ ሳይበራ ከቀረ እንደ ንብ ነው የሚጮኸው፣ ካቢኔት ላይ ሳይጠፋ ከቀረ ደግሞ ይታፈናል።

ገንዘብ ያዥ፦ ከወጪ አንፃር ልናገር። ቲዩብ የሚሠሩ ፋብሪካዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ገበያውን በዋናነት የያዙት ስሎቫኪያ፣ ሩሲያና ቻይና ያሉት ናቸው። በ2022 የሩሲያው አቅርቦት ሲስተጓጎል ዋጋው ተሰቀለ። እኛ ደግሞ በሰው እጅ ነው የምናስመጣው። ከትዊኑ አራት የኃይል ቲዩቦች ይልቅ ሁለት ያለው ትንሽ አምፕ ይቀለናል።

የጊታር መምህርት፦ ወንድሜ፣ የሞዴለሩንም አስላ። ስክሪኑ ወይም ዋናው ቦርዱ ቢበላሽ እዚህ ማን ይጠግነዋል? ቲዩብ አምፕ በብየዳና በመለዋወጫ ብዙ ዓመት ይኖራል። ስለዚህ አንዱን ጥሎ ሌላውን ማንሣት አይታየኝም። ተማሪዎቼ አንድ ትንሽ ቲዩብ አምፕ ክፍሉ ውስጥ ያስፈልጋቸዋል፤ ሞዴለሩ ለመድረክ ይሁን። ከመወሰናችን በፊት ግን በጆሯችን እንፍረድ። ሁለቱም ከመጋረጃ ጀርባ ይሁኑ፣ ያው ሰው በዚያው ጊታር ይጫወት። የድምፅ መጠናቸው እኩል ይሁን፤ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና። ከዚያ ተጫዋቹ ራሱ ምን እንደተሰማው ይንገረን፤ የእጅ ስሜት ከመጋረጃው ውጭ ሆኖ ለሚሰማ ሰው አይታወቅም።

ቤዝ፦ ፌንደር ራሱ በ2019 ቶን ማስተር የሚባል ዲጂታል ትዊን አውጥቷል። 15 ኪሎ ገደማ ነው፣ የዋናው ግማሽ። እሱስ?

ሊድ ጊታር፦ ጥሩ ነው፣ ግን የሚሰጠው የትዊንን ድምፅ ብቻ ነው። የእኛ ሥራ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የእህቴን ሐሳብ ግን ተቀብያለሁ።

ሳውንድ ኢንጂነር፦ አንድ ነገር ይጨመር። ትዊኑ የሚሸጥ ከሆነ አስቀድመን ቅጂውን እንውሰድ። ጋሼ ቁልፎቹን እንደሚወዱት ያስተካክሉልን፣ እኔ እቀዳለሁ። በማይክ ስለምንቀዳ ስፒከሩም ቅጂው ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ስንጠቀምበት ካቢኔት ሲሙሌሽን አይጨመርበትም። ፋይሉ የማኅበሩ ንብረት ይሆናል። ትራንስፎርመርን በተመለከተ ደግሞ፣ ያለን ቮልቴጅ ይቀንሳል እንጂ 50 ኸርዙን ወደ አሜሪካው 60 አይለውጥም። ለ60 ብቻ የተሠራ አምፕ በ50 የበለጠ ይሞቃል። የሚገዛው አምፕ ከፋብሪካው ለ230 ቮልትና ለ50 ኸርዝ የተሠራ ይሁን።

ሰብሳቢ፦ የተሻሻለው ረቂቅ፦ «ማኅበሩ ለመድረክ ሥራ ሞዴለርና ፓወርድ ስፒከር ይግዛ። ትዊኑ ድምፁ ከተቀዳ በኋላ ይሸጥና በምትኩ ከ22 ዋት የማይበልጥ፣ ለ230 ቮልትና ለ50 ኸርዝ የተሠራ ቲዩብ አምፕ ከስታቢላይዘር ጋር ይገዛ። ይህ አምፕ ከልምምድ ክፍሉ አይወጣም። ከግዢው በፊት በተውሶ ዕቃ የመጋረጃ ሙከራ ይደረግ፤ ውጤቱ ለጉባኤው ይቅረብ።» ጋሼ፣ ይስማማዎታል?

አንጋፋው ጊታሪስት፦ ይስማማኛል። «ጀማሪዎች በቲዩቡ ይጀምሩ» የሚል ይግባበት። ቁልፎቹን እኔ መጥቼ አስተካክላለሁ፤ ሪቨርቡን ሦስት ላይ፣ ትሬብሉን ዝቅ።

ሳውንድ ኢንጂነር፦ ሁለት የደህንነት መስመርም ይግቡ። ስፒከር ሳይሰካ ቲዩብ አምፕ አይበራ፤ አውትፑት ትራንስፎርመሩ (አምፑ ውስጥ ያለው፣ ቲዩቦቹን ከስፒከሩ የሚያገናኘው) ሊቃጠል ይችላል። የጀርባ ክዳኑን ደግሞ ከባለሙያ በቀር ማንም አይክፈት። ከ400 ቮልት በላይ አለ፣ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ በሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ውስጥ ይቆያል።

ሰብሳቢ፦ ሦስቱም ገብተዋል። የሚያውሰን ትንሽ ቲዩብ አምፕ ያለው አባል እዚህ ይጻፍልኝ።