በብርድ ጎልፍ ለመጫወት፦ የሚያጥር ኳስ፣ የሚደነዝዝ እጅና ውርጭ የያዘው ሜዳ

ጥያቄ፦ የማለዳ ተጫዋች

ጤና ይስጥልኝ። እስካሁን ጎልፍ የምጫወተው በሞቃት ወራት ብቻ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ብርዱ ከገባም በኋላ ሳላቋርጥ መቀጠል እፈልጋለሁ። የሙቀት መጠኑ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሚሆንባቸው ማለዳዎች በሰባት ቁጥር አይረን (ራሱ ብረት የሆነ የጎልፍ ዱላ) የምመታው ኳስ ከለመድኩት ቦታ በግልጽ አጥሮ ይወድቃል። ጣቶቼም ስለሚደነዝዙ ዱላውን አጥብቄ እይዛለሁ፤ ኳሱን ከዱላው ፊት መሃል ውጭ በመታሁ ጊዜ ደግሞ ንዝረቱ እስከ ክርኔ ድረስ ያመኛል። ብርዱን ለመከላከል ወፍራም ጃኬት ስለብስ ትከሻዬ እንደልብ አይዞርም። ኳሶቼን ከእጅ ማሞቂያ ጋር በኪሴ ይዤ ብዞር ርቀቱ ይመለስልኝ ይሆን? አልፎ አልፎ ውድድር ስለምገባ ሕጉ ይህን ይፈቅድ እንደሆነም ብታስረዱኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ አሠልጣኝ

ኳስዎን የሚያሳጥሩት ሦስት ነገሮች ተደምረው ነው። አየር በቀዘቀዘ ቁጥር እየተጠጋጋ ስለሚሄድ፣ የሙቀት መጠኑ ከ30 ወደ 5 ዲግሪ ሲወርድ እፍግታው በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ኳሱም በበረራው ላይ የሚገጥመው መከላከል በዚያው ልክ ያይላል። ይህ ሲባል ርቀቱ በ9 በመቶ ይቀንሳል ማለት አይደለም፤ የሚሽከረከረውን ኳስ ወደ ላይ የሚይዘው ኃይልም ከአየሩ ጋር አብሮ ስለሚጨምር ጉዳቱ ከዚያ ያነሰ ነው። በሌላ በኩል የኳሱ የውስጥ ጎማ ሲቀዘቅዝ ተጨምቆ የመመለስ ኃይሉ ስለሚደክም፣ ኳሱ ከዱላው ፊት የሚለየው በቀነሰ ፍጥነት ነው። ሦስተኛውና በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው የራስዎ ሰውነት ነው፤ ያልሞቀ ጡንቻና በልብስ የታሰረ ትከሻ የዱላውን ፍጥነት ይቀንሳሉ።

ስለዚህ አጥብቄ የምመክርዎ ነገር ቢኖር የጠፋውን ርቀት በጉልበት ለማስመለስ እንዳይሞክሩ ነው። የአይረን ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኳሱ ስለሚርቅ፣ ሰባት ቁጥር ይመቱበት በነበረው ርቀት ስድስት ቁጥር ይያዙ፤ ነፋስ ከፊት ሲመጣ ደግሞ አምስት ቁጥር ለመያዝ አያመንቱ። ዱላውን በሦስት አራተኛ ጉልበት፣ ሚዛንዎን ጠብቀው ይወዝውዙት። በብርድ ቀን ኳሱን በመሃል የሚመታ ሰው፣ በኃይል እየመታ ከመሃል ከሚስተው ሰው ሁልጊዜ ይበልጣል፤ የሚያምዎት ንዝረትም በአብዛኛው የሚመጣው ከዚሁ ከመሳት ነው። ሕመሙ ከቀጠለ የብረት ዘንግ ያላቸውን አይረኖች ንዝረትን በሚያለዝብ የግራፋይት ዘንግ መቀየርን ያስቡበት። ከመጀመሪያው ምት በፊት ደግሞ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ፣ ክንድዎንና ወገብዎን ያዟዙሩ፣ ከዚያም በአጭር ዱላ ጥቂት ለስላሳ ምቶች ይምቱ።

መልስ፦ የክረምት ጎልፈኛ

አሠልጣኙ ስለ ሰውነት ያነሡትን ሐሳብ እጋራለሁ፤ እኔ በልብሱ ላይ ላተኩር። አንድ ወፍራም ጃኬት ከመልበስ ይልቅ ሦስት ስስ ልብሶችን መደረብ እጅግ ይሻላል። ከቆዳ ጋር የሚነካካው ልብስ ላብን ከሰውነት የሚያርቅ ስስ ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይሁን፤ ጥጥ ላብን ይዞ ስለሚቆይ ቆመው ተራ በሚጠብቁበት ጊዜ ይበልጥ ያበርድዎታል። በመሃል ሙቀት የሚይዝ ልብስ፣ ከላይ ደግሞ ነፋስ የማያስገባ እጅጌ የሌለው ሰደርያ ይልበሱ። ሰደርያው ደረትንና ጀርባን ሲያሞቅ ክንድንና ትከሻን ነጻ ስለሚተው፣ የመዞር ችግርዎን በአብዛኛው ይፈታልዎታል ብዬ አምናለሁ።

ለእጅዎ በሁለቱም እጅ የሚጠለቅ የክረምት የጎልፍ ጓንት ይጠቀሙ፤ በምትና በምት መካከል ደግሞ አራት ጣቶች በአንድነት የሚገቡበትን ሰፊ ጓንት ከላይ ያጥልቁ። ጣቶች ተለያይተው ከሚቀመጡ አብረው ሲሆኑ ሙቀታቸውን ይጠብቃሉ። ዱላ አጥብቀው የሚይዙት መያዣው ስለሚያዳልጥ ከሆነ፣ መያዣዎቹን በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ አጥበው ያድርቋቸው፤ ሁልጊዜም አንድ ደረቅ ፎጣ በቦርሳዎ ውስጥ ይኑር። ካልሲ መደራረብ ግን አልመክርም፤ ጫማው እግርን ካጣበቀ ደም በደንብ ስለማይዘዋወር ይብሱን ይበርዳል። ሰውነትዎ እንዲሞቅም የጎልፍ ጋሪ ትተው በእግር ይጓዙ። የአልኮል መጠጥም ለጊዜው የሞቀ ቢመስልም፣ የቆዳ የደም ሥሮችን በማስፋት የሰውነትን ሙቀት ያስወጣል። ጣቶችዎ በብርድ ጊዜ ፍጹም ነጭ እየሆኑ ስሜት የሚያጡ ከሆነ ግን ነገሩ ከጓንት ያለፈ ስለሆነ ሐኪም ያማክሩ።

መልስ፦ ዳኛ

ስለ ኳስ ማሞቅ የጠየቁት ጉዳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የጎልፍ የበላይ አካላት የሆኑት አር ኤንድ ኤ እና ዩ ኤስ ጂ ኤ በጋራ በሚያወጡት የጎልፍ ሕግ፣ ደንብ 4.2 መሠረት ሆን ተብሎ ባሕርይው በተለወጠ ኳስ መምታት የተከለከለ ነው፤ ደንቡም ማሞቅን በስም ጠቅሶታል። ቅጣቱ ተጨማሪ ምት ሳይሆን ከውድድሩ መሰረዝ ነው። በእጅ ማሞቂያ እጅዎን ማሞቅ ይፈቀድልዎታል፤ ኳሱን ለማሞቅ ብለው ከማሞቂያው ጋር በአንድ ኪስ አስቀምጠው በዚያ ኳስ ከመቱ ግን ደንቡን ጥሰዋል። ኳሶቹን በመኪና ሻንጣ ውስጥ ሌሊቱን ከማስቀዝቀዝ ይልቅ ቤት ውስጥ በተራ የክፍል ሙቀት ማሳደር ግን አያስጠይቅም። ጎማ ሙቀትን በቶሎ ስለማያስተላልፍ፣ ለጥቂት ደቂቃ ኪስ ውስጥ የቆየ ኳስ እስከ ውስጡ አይሞቅም፤ በቤት ሙቀት ያደረ ኳስም በተመሳሳይ ምክንያት ቶሎ አይቀዘቅዝም።

ጠያቂው፦ የማለዳ ተጫዋች

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ውርጭ ባለባቸው ማለዳዎች ሜዳው እስከ ረፋድ ድረስ ዝግ ይሆናል፤ አንዳንዴም ዋናዎቹ ግሪኖች (ቀዳዳው ያለባቸው፣ ሣራቸው እጅግ አጥሮ የታጨደ ቦታዎች) ተከልለው በጊዜያዊ ግሪን እንድንጫወት እንደረጋለን። ይህ በእርግጥ አስፈላጊ ነውን? መሬቱ ጠንክሮ በሚውልባቸው ቀናትስ ወደ ግሪን ኳስ እንዴት መላክ ይሻላል?

መልስ፦ ሜዳ ተንከባካቢ

አዎን፣ አስፈላጊ ነው፤ ተጫዋቾች ምክንያቱን ባወቁ ቁጥር ሥራችን ይቀልልናል። በውርጭ ጊዜ በሣሩ ቅጠል ሕዋሳት ውስጥ ያለው ውሃ ስለሚረጋ፣ የሚረግጠው እግር ሕዋሳቱን ይሰብራቸዋል። ጉዳቱ በዕለቱ ላይታይ ይችላል፤ ኋላ ግን የጫማው ዱካ ጠቁሮ ወይም ቡናማ ሆኖ ብቅ ይላል። የግሪን ሣር አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ ስለሚታጨድ ይህን ጉዳት የሚቋቋምበት አቅም የለውም፤ በብርድ ወራት ደግሞ እድገቱ ስለሚገታ ለረጅም ጊዜ አያገግምም። ከዚህ የሚከፋው የላዩ አፈር ቀልጦ የታችኛው ገና በረዶ የሆነበት ሰዓት ነው። ሜዳው ለዓይን ደህና ይመስላል፤ ነገር ግን ሲረገጥ የላይኛው አፈር በታችኛው ላይ ስለሚንሸራተት ሥሮቹ ይቆረጣሉ። ፀሐይ ወጥታ ሳለ ግሪኑ ተከልሎ ሲያዩ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው።

በጠነከረ መሬት ላይ ኳሱን በቀጥታ ግሪን ላይ ማሳረፍ ትርፍ የለውም፤ ነጥሮ ከኋላ ይወጣልና። ከግሪኑ ፊት ለፊት አሳርፈው እንዲንከባለል ያድርጉት፤ በቅርብ ርቀት ላይም ኳሱን ከፍ ከሚያደርገው ዌጅ ከሚባል ዱላ ይልቅ ስምንት ቁጥር አይረን ይዘው ዝቅ አድርገው ያንከባሉት። መሬት የሚቆፍር ምትም ያስወግዱ፤ በብርድ የጠነከረ መሬት ዱላውን ስለማያሳልፍ የእጅ አንጓን ይጎዳል።

መልስ፦ ዳኛ

ለውድድር ቀን ይህንንም ይያዙ። መሬት ላይ ያለ በረዶ፣ ከውርጭ በስተቀር፣ እንደ ምርጫዎ እንደ ተንቀሳቃሽ እንቅፋት (እንደ ቅጠልና ጠጠር ያለ ሊነሣ የሚችል የተፈጥሮ ነገር) ወይም እንደ ጊዜያዊ ውሃ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ጠርገው መጫወት ወይም ደንቡ በሚፈቅደው ቦታ ኳሱን ያለ ቅጣት አንሥተው ማዛወር ይችላሉ። ውርጭና ጤዛ ግን ተንቀሳቃሽ እንቅፋት አይደሉም፤ በግሪን ላይ እንኳ በመምቻ መስመርዎ ላይ ያለውን ውርጭ መጥረግ አይፈቀድልዎትም። በበረዶ ውስጥ የሚጫወቱ ከሆነ ብርቱካንማ ወይም ቢጫ ኳስ ይያዙ፤ ነጭ ኳስ በበረዶ ውስጥ በቀላሉ አይታይም፤ ኳስ ለመፈለግ የተፈቀደው ጊዜ ደግሞ 3 ደቂቃ ብቻ ነው።