የአባቴ ውጅግራ ጥይት ጎርሶ ዝጎ ይሆን?

ከአያቴ ወደ አባቴ፣ ከአባቴም ወደ እኔ የተላለፈ ባለ 11 ሚሊ ሜትር ውጅግራ ጠመንጃ ለ30 ዓመት ያህል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖሯል። ለወረዳችን ፖሊስ አስታውቄ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃዱን እየጠየቅሁ ነው። ሰደፉ ደኅና ነው፤ የጥይት ማጉረሻው መዝጊያ ግን በዝገት ተጣብቆ፣ ሦስት ቀን ላምባ እያንጠባጠብሁበት ብጠብቅም ፈቀቅ አላለም፤ በመዶሻ መምታቱንም ፈርቼ ተውሁት። ቀጭን የእንጨት ዘንግ በአፈሙዙ ሳስገባ መዝጊያው ጋ ለመድረስ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲቀረው ይቆማል፤ ይህም ከአንድ የውጅግራ ጥይት ርዝመት ጋር ስለሚቀራረብ፣ ጎርሶ የተቀመጠ ጥይት እንዳለ እሰጋለሁ፤ ጥቁር ባሩድ ደግሞ ደረቅ ሆኖ ከቆየ ቢያረጅም ይባርቃል። ልጆች ስላሉ ቃታውን ሳልነካ ክፍሉን ቆልፌበታለሁ። መሣሪያውን በዚህ ሁኔታ በመኪና ወደ ጠመንጃ ጠጋኝ መውሰድ ይቻላል ወይስ ባለሙያው ባለበት መጥቶ ጥይቱን ማውጣት አለበት?