የግራዋ ቅጠል የአይጦቹን ስኳር አወረደ፤ ነገር ግን አይጦቹ መብላት ትተዋል

ጥያቄ፦ የፋርማኮሎጂ ተማሪ

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፤ የሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ሥራዬ በግራዋ ቅጠል ላይ ነው። የመረጥኩበትን ምክንያት ብዙዎቻችሁ ትገምታላችሁ፤ ጋንና እንስራ የሚታጠብበት ይኸው ቅጠል በየአካባቢው እየተጨመቀ ለስኳር ሕመም ይጠጣል። የራሴ እናትም ሕመሟ ከታወቀ ጀምሮ፣ ሐኪም ያዘዘላትን ግሊቤንክላማይድ የተባለ የስኳር ሕመም ክኒን ሳታቋርጥ፣ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ ግማሽ ስኒ ትጎነጫለች።

አሠራሬ በአጭሩ እንዲህ ነበር። በጥላ የደረቀውን ቅጠል ፈጭቼ በተጣራ ውሃ ለ72 ሰዓት ዘፈዘፍኩት፤ ከዚያም አጣርቼና አድርቄ ኤክስትራክቱን (ከቅጠሉ በውሃ የወጣውን ደረቅ ንጥር) አዘጋጀሁ። ወንድ ነጭ አይጦችን በኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 150 ሚሊ ግራም ስትሬፕቶዞቶሲን (በአይጥ ላይ የስኳር ሕመም የሚያመጣ ኬሚካል) ከወጋኋቸው በኋላ፣ በሦስተኛው ቀን በባዶ ሆድ የተለካው ስኳራቸው በዴሲ ሊትር ከ200 ሚሊ ግራም በላይ የሆነውን ብቻ ወስጄ በአምስት ቡድን መደብኳቸው። አንዱ ቡድን የተጣራ ውሃ ብቻ፣ ሁለተኛው በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ግሊቤንክላማይድ፣ የቀሩት ሦስቱ ደግሞ በኪሎ 100፣ 200 እና 400 ሚሊ ግራም ኤክስትራክት ለ14 ቀናት በአፋቸው ተሰጣቸው።

400 የወሰደው ቡድን ስኳሩ ወርዶ ከግሊቤንክላማይዱ ቡድን ጋር ሊስተካከል ሲቃረብ እጅግ ተደስቼ ነበር። ይሁን እንጂ ክብደታቸውን ስመዝን ምንም መድኃኒት ካልወሰዱት ይልቅ የከሱት እነዚሁ ሆነው ተገኙ። ጠዋት ሰጋቱራ ስቀይርም ያስቀመጥኩላቸው መኖ ከሞላ ጎደል እንዳለ ነው፤ ውሃ ብቻ የተሰጣቸው ግን ፍርፋሪውን እንኳ አላስቀሩም። አማካሪዬ «ስኳሩ እስከ ወረደ ድረስ ውጤቱ ውጤት ነው፤ ክብደቱን በሠንጠረዥ አስገቢና እለፊ» ብለውኛል። እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ከዚህ ተነሥቼ የግራዋ ቅጠል ስኳርን ይቀንሳል ብዬ ለመጻፍ እችላለሁ? ለእናቴስ ምን ልበላት?

መልስ 1፦ የአይጥ ቤት ሽማግሌ

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የመኖውን ዕቃ ዞር ብለው ስላዩ ላመሰግንዎ እወዳለሁ፤ አብዛኛው ሰው የሚያየው የስኳር መለኪያውን ቁጥር ብቻ ነው። ከአማካሪዎ ጋር ግን አልስማማም፤ በእጅዎ ያለው ውጤት ለሁለት የሚተረጎም ነውና በሠንጠረዥ አስገብቶ ማለፍ አይበቃም።

የስኳር ሕመም ያለበት አይጥ ያለ ልክ ይበላል፣ ያለ ልክም ይጠጣል፤ ሰጋቱራው በየቀኑ ካልተቀየረለት በሽንት ይረሰርሳል። እየበላም ይከሳል፤ ኢንሱሊን ስለሚያጥረው ግሉኮሱ በሽንት ይወጣል፣ ጡንቻውና ስቡም ይቀልጣል። የተሰጠው ነገር በእርግጥ መድኃኒት ከሆነ ሦስት ለውጦች አብረው መታየት አለባቸው፤ ስኳሩ ይወርዳል፣ የሚበላውና የሚጠጣው ወደ ልኩ ይመለሳል፣ ክብደቱም ቢያንስ መቀነሱን ያቆማል። በእርስዎ አይጦች ላይ የመጀመሪያው ታይቷል፤ የመጨረሻው ግን ተገልብጧል። እንዲህ ሲሆን ቀድሞ የሚጠረጠረው ረኃብ ነው። አይጥ በጉበቱ ያከማቸው ግላይኮጅን የተባለ የስኳር ስንቅ በአንድ ሌሊት ጾም የሚሟጠጥበት ፍጥረት ስለሆነ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ በቅጡ ሳይበላ ቢሰነብት ስኳሩ መውረዱ አያስደንቅም።

ይህን ለመለየት አንድ ተጨማሪ ቡድን ያስፈልግዎታል። ስትሬፕቶዞቶሲን የተወጉ፣ ውሃ ብቻ የሚሰጣቸው አይጦች ይሁኑ፤ ነገር ግን የሚቀርብላቸው መኖ 400 የወሰደው ቡድን በዋዜማው ከበላው ጋር በሚዛን እኩል ይሁን። የእነዚህም ስኳር በዚያው መጠን ከወረደ፣ ያወረደው ቅጠሉ ነው ለማለት አይቻልም። ኤክስትራክት የወሰዱት ከእነርሱ በታች ከወረዱ ግን ልዩነቱ የግራዋው ነው ለማለት ይችላሉ። አንድ ጥንቃቄ አለው፤ ትንሽ መኖ የሚሰጠው አይጥ ድርሻውን ወዲያው ጨርሶ ብዙ ሰዓት ባዶ ሆዱን ስለሚቆይ፣ ከመለካትዎ በፊት የሁሉንም መኖ በአንድ ሰዓት አንሥተው እኩል እንዲጾሙ ማድረግ አለብዎት። ይህን ሳያደርጉ ከለኩ የጾም ሰዓትን ከጾም ሰዓት ጋር እያወዳደሩ ነው።

ከዚህ የሚቀለው ደግሞ ጤነኛ አይጦችን ወስዶ ያንኑ 400 መስጠት ነው። እነርሱም መብላት ከተዉ ኤክስትራክቱ ሆዳቸውን ወይም ጉበታቸውን እየጎዳ ሊሆን ይችላል። መርዛማነትን ለመፈተን በወጣው የኦኢሲዲ መመሪያ ቁጥር 425 መሠረት አንድ ጊዜ በኪሎ 2000 ሚሊ ግራም ሰጥተው አይጡ አለመሞቱን አይተው ይሆናል፤ ያ ግን ለ14 ቀናት ያለማቋረጥ ስለሚሰጥ ነገር ብዙም አይናገርም። ጉበታቸውንና ኩላሊታቸውን አውጥተው ቢያስመረምሩ መልካም ነው።

ስለ ግሊቤንክላማይድም አንድ ነገር ልጨምር። ይህ መድኃኒት የሚሠራው በቆሽት ቤታ ሕዋሳት ላይ ያለውን የፖታሲየም በር ዘግቶ ኢንሱሊን እንዲለቁ በማድረግ ነው። ስትሬፕቶዞቶሲን ደግሞ ግሉኮስ መስሎ እየገባ የሚገድለው እነዚህኑ ሕዋሳት ነው። በእርስዎ አይጦች ግሊቤንክላማይድ ከሠራ የተረፉ ሕዋሳት አሉ ማለት ነው፤ ስለዚህ በአይጦቹ ላይ የፈጠሩት ሕመም የመጀመሪያውንም የሁለተኛውንም ዓይነት የስኳር ሕመም በትክክል አይወክልም። ጽሑፍዎ ላይ «ለሁለተኛው ዓይነት ስኳር ይጠቅማል» የሚል ዓረፍተ ነገር እንዳይገባ ይጠንቀቁ።

መልስ 2፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም

ከላይ ያሉት ስለ አይጥ የጻፉትን ሳነብ አንዲት ታካሚዬ ትዝ አሉኝ። በፍልሰታ ጾም ጠዋት ግሊቤንክላማይዳቸውን ውጠው፣ የግራዋ ጭማቂያቸውን ጠጥተው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ቅዳሴ ቆመው ነበር። ላብ አጥምቋቸው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ንግግራቸው ተሳስሮ ነበር የመጡት። የደም ሥራቸው ተገኝቶ ግሉኮስ ሲሰጣቸው ወዲያው ነቁና «ቅጠሉ ፍቱን መሆኑን አያችሁ?» አሉን።

እኔ ግን ምን እንዳወረደው አላውቅም ነበር። ግሊቤንክላማይድ ብቻውን፣ ምግብ ካልተከተለው፣ እንዲህ ያለ አደጋ ለማድረስ ይበቃል፤ ጾሙም አለ፤ ቅጠሉም አግዞ ሊሆን ይችላል። ሦስቱ በአንድ ጠዋት ተገናኝተው አንዱን ለይቶ ማመስገን ወይም መውቀስ አይቻልም። ስለዚህ ለእናትዎ የምመክረው ይህን ነው፤ ክኒኑንና ጭማቂውን አንድ ላይ በባዶ ሆድ አይውሰዱ፤ ግሊቤንክላማይድ ከቁርስ ጋር የሚወሰድ ነው። ጭማቂውን መጠጣታቸውንም ለሐኪማቸው ሳይደብቁ ይንገሩ፤ ካልነገሩት ስኳሩ ሲወርድም ሲወጣም የሚያስተካክለው በጭፍን ነው። ጾም ሲመጣ የክኒኑ መጠንና ሰዓት እንደገና መታየት አለበት።

ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎችን በተመለከተ ግን ልዝብ ምክር የለኝም። በመጀመሪያው ዓይነት የስኳር ሕመም የተያዘ ሰው ቅጠል አምኖ ኢንሱሊኑን ቢያቆም በቀናት ውስጥ ደሙ በኪቶን አሲድ ይመረዛል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

መልስ 3፦ የዕፅዋት ኬሚስት

ወደ ማሰሮው ልመለስ። የተፈጨ ቅጠል በክፍል ሙቀት ለ72 ሰዓት ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይቦካል፤ ባክቴሪያና ሻጋታ ይበቅልበታል። ሦስት ቀን መዘፍዘፍ በ80 በመቶ ሜታኖል በሚሠሩ ጽሑፎች የተለመደ ነው፤ አልኮሉ ተሕዋስያንን ስለሚገታ እዚያ ችግር የለበትም። በሦስተኛው ቀን የማሰሮው ሽታ ከመጀመሪያው ቀን ተለይቶ እንደነበር ያስታውሱ እንደሆነ ራስዎን ይጠይቁ። አይጦቹ መብላት የተዉት በቦካው ነገር ይሁን በግራዋው፣ አሁን ባለው መረጃ አይለይም። በሚቀጥለው ዙር በሙቅ ውሃ ለአጭር ጊዜ አውጥተው በዚያው ዕለት ቢያቀዘቅዙት ይሻላል፤ እናትዎ ከሚጠጡት ትኩስ ጭማቂም ብዙ አይርቅም።

ግራዋን የሚያመርረው ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። በቅጠሉ ውስጥ ቬርኖዳሊንን የመሳሰሉ፣ ሕዋስን የመግደል ባሕርይ ያላቸው፣ ሴስኪተርፒን ላክቶኖች የተባሉ መራራ ውህዶች አሉ። የከሳ አይጥ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የማስበው እነርሱን ነው።

ስለ መጠኑም ላስላልዎ። በአይጥ 400 ሚሊ ግራም በኪሎ የሆነው መጠን 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀጥታ ሲባዛ 24 ግራም ኤክስትራክት ይሆናል፤ ትክክለኛው ስሌት ግን በሰውነት ቆዳ ስፋት ስለሆነ ለ12.3 ይካፈላል፤ ወደ 2 ግራም ይጠጋል። ከ100 ግራም ደረቅ ቅጠል 15 ግራም ኤክስትራክት ወጥቶልዎት ከሆነ ይህ 13 ግራም ያህል ደረቅ ቅጠል ማለት ነው። ግማሽ ስኒ የእጅ ጭማቂ ከዚህ ይብለጥ ይነስ በሚዛን ሳይታይ እንዲሁ የሚገመት አይደለም።

ይህን ሁሉ የምለው ተስፋ ላስቆርጥዎ አይደለም። ሜትፎርሚን የተወለደው ጋሌጋ ኦፊሲናሊስ ከተባለ የአውሮፓ ዕፅ ታሪክ ነው። በዕፁ ውስጥ ያለው ጋሌጂን ስኳርን ያወርዳል፤ ነገር ግን መርዛማ ነው፤ ዕፁን የጋጡ በጎችም ይሞታሉ። ከእርሱ ጋር የሚዛመደው ሜትፎርሚን እ.ኤ.አ. በ1922 በቤተ ሙከራ ቢሠራም፣ ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን ለስኳር ሕመምተኞች መስጠቱን ያሳወቀው በ1957 ነው። ከፖም ዛፍ ቅርፊት እ.ኤ.አ. በ1835 የተለየው ፍሎሪዚንም ግሉኮስ በሽንት እንዲወጣ እንደሚያደርግ ቢታወቅም፣ ለሰው የሚሆኑት ዘመዶቹ በአሜሪካ የተፈቀዱት በ2013 ነው። በሁለቱም መንገድ ላይ ዕፁን ከመርዙ የለየው ሥራ ረጅሙ ሥራ ነበር።

በመጨረሻም የቅጠሉን ናሙና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) አስረክበው ቁጥሩን ይያዙ። ግራዋ በቬርኖኒያ አሚግዳሊናም በጊምናንተመም አሚግዳሊነምም ስም ስለሚጻፍ ሁለቱንም ይጥቀሱ። የማኅበረሰብ ዕውቀት ተጠቅመው ከሆነ ስለ ጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣውን አዋጅ ቁጥር 482/1998ንም ያንብቡ።

ጠያቂዋ፦ የፋርማኮሎጂ ተማሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ሽታው የተጠየቅሁት እውነት ነው፤ በሦስተኛው ቀን ማሰሮውን ስከፍት ጠላ ጠላ ይሸት ነበር፤ እኔም የግራዋ ጠባይ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ኤክስትራክቱን እንደገና አዘጋጃለሁ፤ እኩል የሚመገበውን ቡድንና ጤነኞቹን አይጦች ጨምሬ ለአማካሪዬ ዕቅዱን በጽሑፍ አቀርባለሁ። የመጀመሪያውን ዙር እንደ ቅድመ ሙከራ ብቻ ልገልጸው ወስኛለሁ።

የሐኪሙን መልስ ለእናቴ አነበብኩላት። ጥቂት ዝም ብላ «አይጦቹም እንደኛው ጾመው ነዋ!» አለችና ሳቀች። ጭማቂውን እተዋለሁ አላለችም፤ ክኒኑን ከቁርስ ጋር ለመውሰድና በቀጠሮዋ ቀን ለሐኪሟ ለመናገር ግን ተስማምታለች።

አንድ ችግር ቀርቶኛል። የተረፈውን መኖ ለመመዘን ስሞክር ፍርፋሪው ከሰጋቱራው ጋር ተቀላቅሎ፣ በሽንትም ርሶ፣ ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር አልታመን አለኝ። እንዴት ታደርጋላችሁ?

መልስ 1፦ የአይጥ ቤት ሽማግሌ

በመለኪያ ቀናት ብቻ ሰጋቱራውን ያንሡና አይጦቹን በወንፊት ሽቦ ወለል ላይ ያሳድሯቸው፤ ከሥሩም የማጣሪያ ወረቀት ያንጥፉ። ጠዋት ፍርፋሪውን ከኩሱ በመቆንጠጫ ለይተው፣ በምድጃ አድርቀው ይመዝኑ። ያቀረቡትን መኖም እንዲሁ አድርቀው ካልመዘኑ ግን ማወዳደሩ አይሆንም፤ አይጥ የሌለበት አንድ ዕቃ መኖ አጠገባቸው ቢያስቀምጡ ከአየሩ የሚስበውን እርጥበት ይነግርዎታል። በሽቦ ላይ ከአንድ ሌሊት በላይ አያቆዩአቸው፤ እግራቸው ይቆስላል፤ ይበርዳቸዋል፤ የበረደው አይጥ ደግሞ አበላሉ ይለወጣል።