ቫይረሱ «አይታይም» እየተባልኩ ሲዲ ፎሬ ለምን አይጨምርም?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የጀመርኩት በጠና ታምሜ፣ ሲዲ ፎሬ (በሽታ የሚከላከሉት የደም ሴሎች ቁጥር) 60 አካባቢ ወርዶ ነው። ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። ኪኒኔን አላቋርጥም፤ ቫይራል ሎዴም (በደሜ ያለው የቫይረስ መጠን) በተለካ ቁጥር «አይታይም» ነው። ሲዲ ፎር ግን አንዴ 310፣ አንዴ 270 ይላል እንጂ ፈቀቅ አላለም። መድኃኒቱ አልሠራ ብሎኝ ይሆን? ይቀየርልኝ ልበል?

ነርስ ነኝ፦ ወንድሜ፣ አትደንግጥ። መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን የሚነግርህ ቫይራል ሎድ ነው፤ ያንተ ደግሞ ጥሩ ነው። ኪኒኑ ቫይረሱ እንዳይራባ ያግዳል፤ ያለቁትን ሴሎች መተካት ግን የሰውነትህ ሥራ ነው። ሕክምናውን ዘግይቶ የጀመረ ሰው ቀስ ይላል፤ በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ያሉት ሊምፍ ኖዶች (ንፍፊቶች) ውስጥ ጠባሳ ስለሚፈጠር ሴሎቹ የሚኖሩበት ቦታ ይጠባል። ዕድሜም አለበት፤ እንደ ሲዲ ፎር ያሉ ቲ ሴሎች የሚበስሉበት ከደረት አጥንት ጀርባ ያለው ታይመስ ዕጢ ከዓመት ዓመት እየሟሸሸ ይሄዳል። ከ60 ተነሥቶ ወደ 300 መጠጋት ትልቅ ነገር ነው። አደገኞቹ ተጓዳኝ በሽታዎች የሚበረቱት ከ200 በታች ሲሆን ነው።

የላብራቶሪ ሰው፦ 270 እና 310 ብዙም ልዩነት የላቸውም። ጠዋትና ማታ የተቀዳ ደም እንኳ የተለያየ ቁጥር ይሰጣል፤ ጉንፋንም፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ብግነት የሚቀንስ መድኃኒትም ያወርደዋል። በተቻለ መጠን በተመሳሳይ ሰዓት ተለካ፤ የዓመታቱን አካሄድ ተመልከት።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲዲ ፎር የሚያሳድግ መርፌ አለ ሲባልም ሰምቻለሁ። ደግሞ ሰውነቴ ቫይረሱን ይህን ያህል ካሸነፈ፣ ለጥቂት ጊዜ ባቆምስ?

ነርስ ነኝ፦ ኢንተርሊውኪን ቱ የሚባለው መርፌ በሁለት ትልልቅ ጥናቶች ተሞክሯል፤ ውጤታቸው በ2009 ወጣ። ቁጥሩ ከፍ አለ፣ ሕመምና ሞት ግን አልቀነሰም። ቁጥር ብቻውን ጤና አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

ነባር አባል፦ ማቆሙን በፍጹም አታስበው! ቫይረሱን ያስተኛው ኪኒኑ ነው። ቫይረሱ በተኙ ሲዲ ፎር ሴሎች ዘረመል ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል፤ በቫይረስ የተያዘን ሴል ስለሚገድሉ ገዳይ የሚባሉት ሲዲ ኤይት ሴሎች እዚያ አያዩትም፣ በዚያ ላይ በረጅሙ ውጊያ ዝለዋል። ካቆምክ በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ስማርት የተባለው ጥናት በ2006 ያሳየውም ይህንኑ ነው፦ ሲዲ ፎራቸው ከ350 በላይ ሲሆን መድኃኒት እንዲያቋርጡ የተደረጉት ሰዎች ሳያቋርጡ ከቀጠሉት ይልቅ ታመዋል፣ ሞተዋልም።

ነርስ ነኝ፦ በሚቀጥለው ቀጠሮህ ሐኪምህን የቲቢና የሄፓታይተስ ምርመራ ጠይቀው፤ የምትወስደውን ሌላ መድኃኒት ሁሉ አሳየው። ክትባቶችህ የተሟሉ መሆናቸውን፣ ግፊትህንና ኮሌስትሮልህንም አስፈትሽ፤ ቫይረሱ ባይታይም ዝቅተኛ የሰውነት ብግነት ስለሚቀር ልብ ይጎዳል። ሲጋራ የምታጨስ ከሆነ ተው። ተጓዳኝ በሽታዎችን የሚከላከለውን ኮትሪሞክሳዞል የምትወስድ ከሆነ ደግሞ ሐኪምህ ሳይልህ አታቁም።